ሂና የሞቀ መዳፍ ላይ ደም ማነስ እንዴት ይታያል?

ለሙያ ብቃት ምዘና የምትዘጋጁ ነርሶች፣ መጽሐፉ «መዳፍ እዩ» ይላል። እሑድ፣ በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን፣ ለክትትል የምትመጣው ነፍሰ ጡር ግን መዳፏም ጥፍሯም በሂና ቀልቷል፤ እዚያ ላይ ምንም አይነበብም። ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሩና የታችኛውን የዓይን ቆብ በቀስታ ወደ ታች ሳቡ። ኩል ከተኳለች ጠርዙን ትታችሁ የውስጡን ሽፋን እዩ። ምላስና ድድም አይታለፉ።

ቁጥሩን በቃል ያዙ፦ ሄሞግሎቢን ለነፍሰ ጡር ከ11 (በሁለተኛው ሦስት ወር ከ10.5)፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለአዋቂ ወንድ ከ13 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደጋ ሲወጣ ሄሞግሎቢን ስለሚጨምር፣ ለሰንበቴ ደህና የሚባል ውጤት ደብረ ብርሃን ላይ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ፈታኞች የሚወዷት ወጥመድ፦ ታካሚዋ ትንፋሽ ያጥራታል፣ የኦክስጅን ሙሌቷ ግን 98 በመቶ ነው። የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያው የሚነግራችሁ ካለው ሄሞግሎቢን ስንት እጁ ኦክስጅን እንደተሸከመ እንጂ ሄሞግሎቢኑ መብቃቱን አይደለም። ስለዚህ ትንፋሿንና የልብ ምቷን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ሰንበቴ ቆላ ነውና ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ ይታዘዝ። ጣፊያ ስትዳስሱ ከቀኝ ታችኛው ሆድ ጀምራችሁ ወደ ግራ ጎድን ውጡ፤ ደግሞ በቀስታ፤ ያበጠ ጣፊያ ሊቀደድ ይችላል። በደም ምርመራው ፕሌትሌት በጣም ከወረደ ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋም።

የአይረን ኪኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አይዋጥም። በዚህ አገር «ቡና ተዪ» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ሰዓቱን አራርቁላት፤ ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳትደነግጥም አስቀድማችሁ ንገሯት።