ያገለገለ ሴሚ ሆሎው ጊታር ልትገዙ ነው? ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

አንድ ጓደኛችን ለወራት ያጠራቀመውን ብር አውጥቶ ቴሌግራም ላይ ያየውን ጊታር ገዛ። ፎቶው ላይ ያብረቀርቃል። ቤት ወስዶ ክሩን ሲቃኝ ግን አንገቱ ላይ ስንጥቅ ብቅ አለ። ሻጩ? ስልክ አያነሳም። ሌላ ሰው እንዳይደገም ብለን ይሄን ጻፍን።

🎸 ሴሚ ሆሎው ምንድን ነው?

በብዛት የምናየው ኤሌክትሪክ ጊታር አካሉ ድፍን እንጨት ነው። ሴሚ ሆሎው ግን ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ መሃሉን አንድ ወፍራም እንጨት ያቋርጠዋል። ፊቱ ላይ የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ታዋቂው የአሜሪካው ጊብሰን በ1958 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኢኤስ-335 ነው።

እንጨቱ ለምን አስፈለገ? ውስጡ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ጊታር ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ግን ይጮሃል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ የጊታሩን ሆድ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጊታሩ ያንኑ መልሶ ወደ አምፑ ይልካል። ፊድባክ የሚባለው ይሄ ነው። የመሃሉ እንጨት መንቀጥቀጡን ይቀንሳል፣ የክሩም ድምፅ ቶሎ አይጠፋም።

ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ቢ ቢ ኪንግ ራሱ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይወትፍ ነበር። በ1980 በእሱ ስም የወጣው "ሉሲል" ጊታር ጭራሽ ቀዳዳ የለውም።

ስለዚህ ለብሉዝ፣ ለጃዝ፣ ለስለስ ላለ አጃቢነት አሪፍ ነው። ዲስቶርሽን አብዝታችሁ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጮክ አድርጋችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ድፍኑ ይሻላችኋል።

🔦 ከመክፈላችሁ በፊት

1. የስልካችሁን መብራት በቀዳዳው አብሩ። የመሃሉ እንጨት መታየት አለበት። ኤፒፎን ካሲኖ ለምሳሌ ከኢኤስ-335 ጋር ቁርጥ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። መጥፎ ጊታር አይደለም፤ ቢትልሶችም ተጫውተውበታል። ግን ሌላ ጊታር ነው።

2. ራሱና አንገቱ የሚገናኙበትን ቦታ ከኋላ በጣታችሁ ዳስሱ። ብዙዎቹ ራሳቸው ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ሲወድቁ የሚሰበሩት እዚህ ጋ ነው። በደንብ ከተጠገነ ይሠራል፣ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

3. ቮሊየምና ቶን ማዞሪያዎቹን በሙሉ አዟዟሩ። የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚቆራረጥ ካለ አትናቁት። ኢኤስ-335ን ጨምሮ ብዙዎቹ ከኋላ የሚከፈት ክዳን የላቸውም። ጠጋኙ ሽቦውን በሙሉ በዛች ጠባብ ቀዳዳ አውጥቶ መልሶ ማስገባት አለበት። ዕቃው ርካሽ ቢሆንም የእጅ ዋጋው ይወደዳል።

4. 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭናችሁ ምቱ፣ ከዚያ እዚያው ላይ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ምቱ። ሁለቱ ድምፆች እኩል መሆን አለባቸው። በስልክ ቱነር ማየት ይቻላል። ትንሽ ልዩነት ከሆነ ብሪጁን በማስተካከል ይፈታል።

5. በመጨረሻ አምፑን ጨምራችሁ ፊት ለፊቱ ቁሙ። የት ላይ መጮህ እንደሚጀምር በጆሯችሁ ስሙ።

ሻጩ "አምፕ የለኝም፣ ግን ይሠራል" ካለ አምፕ ያለበት ቦታ እንገናኝ በሉት። እምቢ ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ሌላ ጊታር ይገኛል።

ጊታር ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት 🙏