በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ያላቸው ተማሪዎችና የትምህርት ቤቶች የየዕለት ኃላፊነት

ኮክሌር ኢምፕላንት በመባል የሚታወቀው በቀዶ ሕክምና የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ያለው ተማሪ መሣሪያውን እንዳደረገ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንዳችም ድምፅ ሳይሰማ ሊውል ይችላል። ባትሪው አልቆ፣ ቀጭኑ ገመድ ከውስጥ ተበጥሶ ወይም ማይክሮፎኑ በላብና በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚያየው ግን መሣሪያው እንደ ትናንቱ በቦታው ላይ ነው። ተማሪው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚገኝ ሕፃን ከሆነ ብልሽቱን ላይናገር ይችላል፤ ድምፁ የደከመው ቀስ በቀስ ከሆነ ደግሞ እርሱ ራሱም አያስተውለውም። መምህሩ የሚያየው ሲጠሩት የማይመልስ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጎረቤቱን ደብተር የሚመለከት፣ ከቀትር በኋላ የሚደክመውና የሚነጫነጭ ልጅ ነው። በዚህ ዓይነት የአንድ ገመድ መበጠስ እንደ ስንፍና ወይም እንደ አለመታዘዝ ተቆጥሮ የትምህርት ቀናት ያልፋሉ።

ይህን መሰሉ ብልሽት በየማለዳው ጥቂት ደቂቃዎች በሚወስድ ምርመራ በአብዛኛው ሊደረስበት የሚችል ነው። ምርመራው የሕክምና ሙያን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሥራው ባለቤት ተለይቶ መታወቁን ነው።

መሣሪያው ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከራስ ቅል ቆዳ ሥር የሚቀመጠው ተቀባይና እስከ ውስጠኛው ጆሮ የሚዘልቀው የኤሌክትሮዶች ሽቦ ነው። ሁለተኛው በውጭ የሚደረገው ክፍል ሲሆን፣ ማይክሮፎኑንና ባትሪውን የያዘውን የድምፅ ፕሮሰሰር፣ ገመዱን እንዲሁም በማግኔት አማካይነት ከራስ ቆዳ ላይ የሚጣበቀውን ክብ ጥቅል ያጠቃልላል። ፕሮሰሰሩ የተቀበለውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ይለውጠዋል፤ ጥቅሉም መልእክቱን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ለተቀባዩ ይሰጣል፤ ኤሌክትሮዶቹ ደግሞ የመስሚያ ነርቭን በቀጥታ ያነቃቃሉ። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች እነዚህን የውጭ ክፍሎች ገመድ በሌለው አንድ አካል ያጠቃለሉ ናቸው።

የቴክኖሎጂው መነሻ እ.ኤ.አ. በ1957 በፓሪስ አንድሬ ዡርኖ እና ሻርል ኤይሪየስ ያደረጉት ሙከራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በሜልበርን ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ ባለብዙ ቻናሉን መሣሪያ ተክለዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት ዓመት ለሞላቸው ሕፃናት፣ በ2000 ለአሥራ ሁለት ወር፣ በ2020 ደግሞ ለዘጠኝ ወር ሕፃናት አገልግሎት ላይ እንዲውል ፈቅዷል። የአገሪቱ ብሔራዊ የመስማትና የተግባቦት ችግሮች ኢንስቲትዩት ባወጣው መረጃ መሠረት እስከ 2019 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ 736 ሺህ 900 ያህል መሣሪያዎች ተተክለዋል። ከእነዚህ ውስጥ በአሜሪካ ሕፃናት ላይ የተተከሉት 65 ሺህ ገደማ ናቸው። ዕድሜው ዝቅ ባለ ቁጥር መሣሪያውን ይዘው ወደ መዋዕለ ሕፃናትና ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች ቁጥር መጨመሩ አይቀርም።

ኢምፕላንትን ከተለመደው የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ የሚለየው አንድ ጉዳይ ለትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ትርጉም አለው። የተለመደው መሣሪያ ድምፅን የሚያጎላ በመሆኑ መምህሩ ከማዳመጫ ቱቦ ጋር አገናኝቶ በራሱ ጆሮ ሊፈትሸው ይችላል። ኢምፕላንት ግን ለነርቭ የሚያቀርበው የኤሌክትሪክ ንዝረትን እንጂ ድምፅን ባለመሆኑ ልጁ የሚሰማውን ሌላ ሰው ሊሰማው አይችልም። በአንዳንድ ሞዴሎች ማይክሮፎኑን ብቻ ለይቶ ለማዳመጥ የሚያስችል መሣሪያ ቢኖርም፣ የሚያረጋግጠው የማይክሮፎኑን ደህንነት ብቻ ነው። ከማይክሮፎኑ እስከ ነርቩ ያለው መንገድ በሙሉ መሥራቱን ሊመሰክር የሚችለው ልጁ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

በዚህ ረገድ ኃላፊነትን በሕግ ለይተው ካስቀመጡት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሻሻለውን የአካል ጉዳተኞች የትምህርት ሕግ ለማስፈጸም በነሐሴ 2006 የወጣው ደንብ፣ የመንግሥት የትምህርት ተቋማት በቀዶ ሕክምና የተተከሉ መሣሪያዎች የውጭ ክፍሎች በአግባቡ መሥራታቸውን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል። ይኸው ደንብ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ጥገና፣ የፕሮግራም ማስተካከያውን እንዲሁም የተተከለውን መሣሪያም ሆነ የውጭ ክፍሎቹን የመተካቱን ሥራ ከተቋማቱ ኃላፊነት ውጭ አድርጎታል። ማፒንግ የሚባለው የፕሮግራም ማስተካከያ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ሊሆን ይገባል በማለት ወላጆች ያቀረቡትን ክስ የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2012 ሳይቀበለው ቀርቷል።

ድንበሩ በወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም በተግባር ክፍተት አለው። ትምህርት ቤቱ ገመዱ መበጠሱን የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ሌላ ገመድ የመግዛት ግዴታ ግን የለበትም። ስለዚህ ከጠዋቱ ምርመራ በስተጀርባ መለዋወጫ ካልተዘጋጀ ብልሽቱ ይታወቃል እንጂ ልጁ አይሰማም። ይህን የተገነዘቡ ትምህርት ቤቶች ባትሪ፣ ገመድና የማይክሮፎን ሽፋን ከቤተሰብ ተረክበው የተማሪውን ስም ጽፈው በክፍሉ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በተማሪው ግለሰባዊ የትምህርት ዕቅድ ውስጥም ምርመራውን ማን፣ መቼ እንደሚያከናውን፣ ያ ሠራተኛ በሌለበት ቀን ማን እንደሚተካው ያሰፍራሉ። ምርመራው ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የተመደበው ሰው መቅረቱ ነው።

ምርመራው በዓይን ይጀመራል። የፕሮሰሰሩ መብራት ምን እንደሚያሳይ፣ ገመዱ መሰንጠቁ ወይም መላላቱ፣ የባትሪው መገናኛ መዛጉ፣ ጥቅሉ በቦታው አጥብቆ መያዙ ይታያል። የብርሃኑ ቀለም ትርጉም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የእያንዳንዱ መሣሪያ መመሪያ ቅጂ በትምህርት ቤቱ መኖር ይገባዋል። መብራቱ ደህና ነው ማለት ግን ልጁ ይሰማል ማለት አይደለም። ምርመራውን እዚህ ላይ የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ስህተቱም የሚፈጠረው እዚሁ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የስድስቱ ድምፆች ፈተና ነው። ፈተናው በካናዳ ያስተምሩ በነበሩት በዳንኤል ሊንግ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ድምፆቹም ኣ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ እና ም ናቸው። የተመረጡት ከወፍራሙ የ«ም» ድምፅ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ የ«ስ» ድምፅ ያለውን የንግግር ክልል ስለሚሸፍኑ ነው። ስድስቱም በአማርኛ የሚገኙ በመሆናቸው አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ወይም መምህር ያለ ምንም ለውጥ ሊጠቀምባቸው ይችላል። መርማሪው ከልጁ ጎን ወይም ኋላ ሆኖ፣ ከንፈሩ ሳይታይ፣ በተለመደ የንግግር ድምፅ አንድ በአንድ ያሰማል። ልጁም የሰማውን ይደግማል፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በሰማ ቁጥር እጁን ያነሣል ወይም መጫወቻ ከሣጥን ውስጥ ይጥላል። በመጀመሪያ ከአንድ ሜትር፣ ከዚያም ከሦስት ሜትር ያህል ርቀት ይሞከራል። ቅደም ተከተሉና በመካከል ያለው ዝምታ በየቀኑ መለዋወጥ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ልጁ ምቱን አጥንቶ ሳይሰማ ይመልሳል። በሁለቱም ጆሮ መሣሪያ ያለው ልጅ እያንዳንዱ ጆሮ ለብቻው ይፈተናል።

ፊደል ያስቆጠረ መምህር እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። «ስ»ን እንደ ፊደል ሲጠራት ሳያስበው አናባቢ ይጨምርባታል። ልጁም ተነባቢውን ሳይሰማ አናባቢውን ብቻ ይዞ የሰማ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ድምፁ ሳይቋረጥ፣ አናባቢ ሳይከተለው፣ አየሩ በጥርስ መካከል እየወጣ መሰማት አለበት።

ውጤቱ የሚነበበው ከራሱ ከልጁ የትናንት ውጤት ጋር ተነጻጽሮ ነው። ትናንት ስድስቱንም የለየ ልጅ ዛሬ አንዱንም ካልሰማ ጥርጣሬው በኃይል አቅርቦቱ ወይም በጥቅሉና በገመዱ ላይ ያርፋል። ወፍራሞቹን እየሰማ «ስ» እና «ሽ» ከጠፉበት የማይክሮፎኑ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ገመዱን ቀስ አድርጎ እያነቃነቁ መፈተን ይገባል።

ጥገናው አንድ ሕግ አለው፤ በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ፕሮግራሙና የድምፅ መጠኑ በተወሰነው ቦታ ላይ መሆናቸው ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ ባትሪው፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያም የማይክሮፎኑ ሽፋን ይለወጣል፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ፈተናው ይደገማል። በአየር የሚሠራው የዚንክ ባትሪ መሸፈኛው ከተነሣ በኋላ ኃይል ለማግኘት አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ወዲያው ገብቶ አልሠራም ተብሎ የሚጣል ደህና ባትሪ ጥቂት አይደለም። እርጥበት ከተጠረጠረ መሣሪያው በማድረቂያ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ አይሞቅም። በዚህ ሁሉ ካልተስተካከለ ቤተሰቡና የመስማት ሕክምና ባለሙያው በዕለቱ እንዲያውቁት ይደረጋል።

የአንዱን ልጅ ፕሮሰሰር ለሌላው ማድረግ ፈጽሞ አይፈቀድም። ፕሮግራሙ ለአንድ ሰው፣ እንዲያውም ለአንድ ጆሮ ብቻ ተለክቶ የተዘጋጀ በመሆኑ ከልክ ያለፈ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ልጁ ሕመም ከተሰማው፣ ፊቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ማግኔቱ ያረፈበት ቆዳ ከቀላ ጥቅሉ ተነሥቶ ለቤተሰብ ይነገራል። ኢምፕላንት ባላቸው ሰዎች ላይ የማጅራት ገትር ሥጋት ከሌላው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ወይም ከትውከት ጋር ሲታይ ሕክምና በአስቸኳይ መፈለግ ይኖርበታል።

በክፍል ውስጥ መምህሩ የሚይዘው ገመድ አልባ ማይክሮፎን ሲኖር የሚመረመረው ኢምፕላንቱ ለብቻው መሥራቱ ከታወቀ በኋላ ነው። የንግግር ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ስድስት ዴሲቤል ያህል ስለሚቀንስ ማይክሮፎኑ በጩኸት ለተሞላ ክፍል ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። መምህሩ ከክፍል ሲወጣ ማጥፋቱን ከረሳ ግን በመተላለፊያው ላይ የሚያወራው ሁሉ በተማሪው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ከጠዋቱ ምርመራ የሚገኘው መረጃ ቀኑ፣ ያልተሰማው ድምፅና የተለወጠው ዕቃ ተጽፎ ሲቀመጥ ለሕክምና ባለሙያው ጠቃሚ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ገመድ መለወጡ ወይም «ስ» ቀስ በቀስ መጥፋቱ ቤተሰቡ በጥቂት ወራት አንዴ በሚሄድበት ክሊኒክ በአንድ ቀን ምርመራ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህ ሁሉ በሚወሰንበት የትምህርት ዕቅድ ስብሰባ ላይ የሚባለውን እንዲረዱ ተቋሙ አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ሁሉ ማድረግ እንዳለበት የጠቀስነው ደንብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 በበኩሉ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል።

በትምህርት ሰዓት መሣሪያው ወልቆ የሚቆይባቸው ጊዜያት አሉ። ሕፃናት ሲተኙ፣ ውኃ የማይችል ሞዴል ያላቸው ሲዋኙ፣ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያስከትላል ተብሎ በሚሠጋ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ ሲጫወቱ ወይም ግጭት ባለበት ስፖርት ላይ ሲሰለፉ ፕሮሰሰሩ ሊነሣ ይችላል። በዚያ ሰዓት ልጁ የእሳት አደጋ ደወልንም ሆነ ስሙን አይሰማም። በመሆኑም ፕሮሰሰሩን የሚረከበው፣ ልጁን በዓይን የሚከታተለውና መሣሪያውን መልሶ አድርጎ ድምፆቹን ዳግም የሚፈትነው ሠራተኛ ስም በጠዋቱ ምርመራ መዝገብ ላይ አብሮ ይሰፍራል።