እውነት ወይስ ተረት? «ከሃምሳ በኋላማ ምን ቀረ!»

ፒያሳ ቡና የሚጠጣ ሰው ይህችን ሳይሰማት አይቀርም፦ «ከሃምሳ በኋላማ ምን ቀረ? ልጅ መዳርና ጸሎት ነው እንጂ!» እርስዎም አንድ ቀን ብለዋት ይሆናል። ልጅ መዳሩም ጸሎቱም መልካም ነው፤ ተረቱ «ምን ቀረ» የምትለው ላይ ነው።

«አባቶቻችን በአርባ ዓመታቸው አርጅተው ያልፉ ነበር» ይባላል። እውነት ነው፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት ገደማ ነበር። ቁጥሩን እንዲህ ዝቅ ያደረገው ግን በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው፤ ልጅነቱን በደህና ያለፈ ብዙ ሰው ሽበት ያይ ነበር። ዛሬ አማካዩ ከ65 አልፏል፤ 50 ለደረሰ ሰው ደግሞ በአማካይ ከ20 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ያን ያህል ዓመት «ትርፍ» ብሎ መጣል አይቻልም።

«በ60 ጡረታ ከወጣሁ አበቃ» የሚልም አለ። ወሬው የሚጸናው ብዙዎቻችን የምንታወቀው በመሥሪያ ቤታችን ስለሆነ ነው፤ ወንበሩ ሲሄድ ሰውየውም የሄደ ይመስላል። ሕጉ ግን የሚያቋርጠው ቅጥርን ብቻ ነው። «ያኔ በጡረታዬ አርፋለሁ» ማለትም ሒሳብ ይፈልጋል፦ የመንግሥት ሠራተኛ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ሲበዛ ከዚያ 70 በመቶ ነው። የጎደለው በምን እንደሚሞላ በ59 ሳይሆን በ45 መታሰብ አለበት።

«አዲስ ነገር የወጣት ነው» የሚለውን ለመፈተሽ ከፒያሳ መውጣት አያስፈልግም። እቴጌ ጣይቱ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሲያስከፍቱ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። ዕድሜያቸውን ግብር ሲያበሉና እንግዳ ሲያስተናግዱ ለኖሩ ሴት ሆቴል ባዕድ ሥራ አልነበረም።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ተረት ብቅ ይላል፦ «እንግዲያው ሁሉን ትተህ አዲስ ሰው ሁን!» ይህም አይሆንም። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980 ነው። በ56፣ በ72፣ በ78 ዓመታቸው ማለት ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «አየህ፣ በስተርጅና ተጀመረ!» ይላል። ሰውየው ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ተውኔት የጻፉ ነበሩ፤ መሐል ላይ አርበኝነት፣ የጣሊያን እስር፣ ዲፕሎማትነትና ሚኒስትርነት ገባበት። ተረቱ የሚኖረው መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ብቻ ስለምናይ ነው። በሁለተኛው የዕድሜ እርከን የሚሰምረው አብዛኛውን ጊዜ ከምንም የተፈጠረ ሳይሆን ተቋርጦ የቆየ ነገር ነው።

የመጨረሻው፦ «ሰው መጠየቁ ይደርሳል፣ ጡረታ ስወጣ ጊዜ ይኖረኛል።» ይህ የሚመስለን ጎረቤት ሁሌም እዚያው ያለ ስለሚመስለን ነው። የአራዳ ሰው ግን በ2016 ያየውን አይቷል፤ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ሲነሱ አብሮ ቡና የጠጣው ነዋሪ ወደ ተለያየ የከተማ ዳርቻ ተበተነ። እድርና ማኅበር በአንድ ጀምበር አይተከሉም። በ1938 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ ሰዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው የሃርቫርድ ጥናትም ያገኘው ይህንኑ ነው፦ በእርጅና ጤናንና ደስታን ከሚያጸኑት ነገሮች ዋነኛው መልካም ግንኙነት ነው።

ስለዚህ «ምን ቀረ?» ላለዎት ሰው «ምን አቋርጠህ ነበር?» ብለው ይመልሱለት። ክራር ይሁን ስፌት፣ ትምህርት ይሁን ንግድ፣ አንዱን ይምረጥና በሳምንት አንድ ከሰዓት ይስጠው። ወደ ዳርቻ ለሄደው ወዳጁም ዛሬውኑ ይደውልለት።