ዲግሪና ደመወዝ ባንድ ላይ፦ ስለ አካውንቲንግ አፕረንቲስሺፕ ተረቱና እውነታው

ለንደን ውስጥ አንድ የሐበሻ ልጅ ኤ ሌቭል ሲጨርስ የሚቀርብለት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «የት ዩኒቨርሲቲ ገባህ?» «አፕረንቲስሺፕ ጀመርኩ» ካለ የጠያቂው ፊት ወዲያው ይለወጣል። «አይዞህ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካል» ይባላል፤ ለእናቱም እንደ ማጽናኛ ያለ ነገር ይነገራቸዋል። እኔ በአንድ መካከለኛ የኦዲት ድርጅት እየሠራሁ የአካውንቲንግ ዲግሪዬን የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከኔ በታች ያሉት ልጆች በወሬ ምክንያት ይህ ዕድል ሲያመልጣቸው አያለሁ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በደንብ ሳይጠይቁ ይገቡበታል። ሁለቱም ያሳዝነኛል።

በብዛት የሚነገረው ተረት «ውጤት ላልመጣለት ነው» የሚለው ነው። የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ በእንግሊዝ አገር የተጀመረው በፈረንጆቹ 2015 ነው። ደረጃ 6 ከመጀመሪያ ዲግሪ፣ ደረጃ 7 ከማስተርስ እኩል ይቆጠራል። ተማሪው ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ውል የፈረመ፣ የዓመት ፈቃድ ያለው ተቀጣሪ ነው። ትልልቆቹ የሒሳብ ድርጅቶች የኤ ሌቭል ውጤት ያያሉ፣ በኮምፒዩተር ይፈትናሉ፣ ደጋግመው ኢንተርቪው ያደርጋሉ፤ ለጥቂት ቦታ የሚያመለክተውም ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይህን ያላለፉ ጎበዝ ጓደኞች አሉኝ።

ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አፕረንቲስሺፕ ሁሉ ዲግሪ አይሰጥም፤ በአካውንቲንግ ደግሞ ይህ ብዙ ሰው ያደናግራል። ብዙዎቹ መንገዶች ከደረጃ 4 ኤኤቲ ተነስተው በደረጃ 7 ኤሲኤ ወይም ኤሲሲኤ ላይ ያበቃሉ። እነዚህ የሙያ ማዕረጎች ናቸው፤ ቀጣሪዎች በጣም ያከብሯቸዋል፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ከዲግሪ በላይ በር ይከፍታሉ ብዬ አምናለሁ። ዲግሪ ግን አይደሉም። ዲግሪ የሚገኘው በፕሮግራሙ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት «ሲያልቅ ዲግሪውን የሚሰጠኝ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ወላጅም አብሮ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ስለ ገንዘብ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «የትምህርቱን ክፍያ ከደመወዝህ ይቆርጡታል» የሚል ነው። ውሸት ነው። ክፍያውን የሚሸፍኑት ቀጣሪውና መንግሥት ናቸው። ከፈረንጆቹ ሚያዝያ 2017 ጀምሮ የዓመት የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ ቀጣሪዎች ከዚያ በላይ ባለው ላይ 0.5 በመቶ ለዚሁ ሥልጠና ያዋጣሉ፤ ለትናንሾቹ መንግሥት አብዛኛውን ይከፍልላቸዋል። በመደበኛው መንገድ በ2025/26 የትምህርት ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዓመት ክፍያ ጣሪያ 9,535 ፓውንድ ነበር፣ አብዛኛው ተማሪም ይህን የሚከፍለው በብድር ነው። ወለድ በሃይማኖታቸው የተከለከለባቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ይህን መንገድ በተለየ ትኩረት ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው «ደመወዙ የኪስ ገንዘብ ነው» የሚለው ነው። በሚያዝያ 2025 ሥራ ላይ በዋለው ተመን የአፕረንቲስ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 7 ፓውንድ ከ55 ፔንስ ነበር፤ እውነትም ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህ ከ19 ዓመት በታች ለሆነ ወይም ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ላለ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የዕድሜው ዝቅተኛ ክፍያ ይመለከተዋል፤ በዚያው ተመን ከ18 እስከ 20 ዓመት ላለው 10 ፓውንድ፣ 21 ለሞላው 12 ፓውንድ ከ21 ፔንስ። የሒሳብ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው በላይ ይከፍላሉ።

«ሻይ ማመላለስና ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነው» ለሚሉት አንድ ቀን ላሳያቸው እወዳለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለዕቃ ቆጠራ ወደ አንድ የምግብ አስመጪ መጋዘን ተላክሁ። ኦዲተር ሁሉንም ራሱ አይቆጥርም፤ ሠራተኞቹ ሲቆጥሩ ይታዘብና ናሙና መርጦ ይደግማል። ድጋሚ ቆጠራው በሁለት አቅጣጫ ነው። መጀመሪያ ከዝርዝሩ አንድ ዕቃ ትመርጥና መደርደሪያው ድረስ ሄደህ ትፈልገዋለህ፤ ተመዝግቧል የተባለው በእርግጥ መኖሩን የምታውቀው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ከመደርደሪያው ትነሳና ዝርዝሩ ላይ ትፈልጋለህ፤ ያለው ሁሉ መመዝገቡ የሚታወቀው በዚህ ነው። ክፍል ውስጥ ለፈተና ብዬ ሸምድጄው የነበረ ነገር ነው።

መጋዘኑ ጥግ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ የቲማቲም ድልህ ካርቶኖች ነበሩ፤ ዝርዝሩ ላይ የሉም። ኃላፊውን ብጠይቀው «ተሸጠዋል፣ ገዢው አልወሰዳቸውም» አለኝ። ስልክ ደውዬ ለሲኒየሬ ስነግራት «ቃሉን ጻፊው፣ ከዚያ ኢንቮይሱን ጠይቂ» አለችኝ። የኢንቮይሱን ቀን ከዓመቱ መዝጊያ ጋር አስተያየሁ፣ ክፍያው በባንክ መግባቱን አየሁ፣ ገዢው ዕቃው እዚያ እንዲቆይለት የጠየቀበትን ኢሜይል አስመጣሁ። በዚያ ሳምንት የሽያጭ ገቢ መቼ እንደሚመዘገብ ስንማር መምህሩ የሚናገረው ሁሉ ለኔ ካርቶን ካርቶን ይሸት ነበር።

ይህ ደግሞ «ለአካውንቲንግ የሒሳብ ሊቅ መሆን ያስፈልጋል» የሚለውን ያፈርሰዋል። መደመሩን ኤክሴል ይደምራል። ከኛ የሚፈለገው የማይጣጣም ነገር ሲያዩ አለማለፍ፣ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው በአክብሮት መጠየቅ፣ ያገኙትንም ሌላ ሰው በሚገባው ቋንቋ መጻፍ ነው። ታላቅን አለመጠየቅ ጨዋነት ነው ተብሎ ላደገ ልጅ መካከለኛው ይከብዳል፤ እኔን ከብዶኛል።

«በነጻ ነው፣ ስለዚህ ቀላል ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ልጆችን የሚጎዳ ይመስለኛል። ለትምህርት የሚለቀቀው ጊዜ በደንቡ የተቀመጠ፣ በሥራ ሰዓት ውስጥ የሚውልና ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ግን አይበቃም፣ ማታና ቅዳሜም ይጨመራል። የኤሲሲኤ ፈተናዎች 13 ናቸው፣ በዚያ ላይ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ኤሲኤ 450 የሥራ ቀን ይፈልጋል። ለአፕረንቲስ ተብሎ የሚቀል ወረቀት የለም። ብዙ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ ስለሚዘጉ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሥራው ይደራረባል፤ የኛ ገናና ጥምቀትም እዚያው መሐል ይወድቃሉ። ፈቃዱን አስቀድሞ በመከር መጠየቅ ነው።

«ስደተኛ አይቀበሉም» የሚለውም ትክክል አይደለም። መደበኛው ደንብ ሦስት ዓመት በአገሩ መኖርንና የመሥራት መብትን ይጠይቃል፤ የስደተኝነት ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘ ሰው ግን ሦስቱን ዓመት መጠበቅ የለበትም። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ልጅ ይህ በር ዝግ ነው፤ በዚህ ጉዳይ «አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ አትመኑት።

ዕድሜን በተመለከተ ደንቡ በቅርቡ ተለውጧል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ መንግሥት ለደረጃ 7 የሚከፍለው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሲጀምሩ ከ16 እስከ 21 ዓመት ለሆናቸው ነው። «መጀመሪያ ዲግሪዬን ልያዝ፣ ከዚያ እገባበታለሁ» ለሚል ልጅ ቀጣሪው ራሱ ካልከፈለለት ያ መንገድ ጠቧል። ለደረጃ 4ና 6 የዕድሜ ጣሪያ የለም። የትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በመከር፣ የመጨረሻው የኤ ሌቭል ዓመት ገና ሲጀመር ነው፤ ቦታው ከሞላም የተባለው ቀን ሳይደርስ ይዘጋል። ውጤት ወጥቶ ነሐሴ ላይ ማሰብ የጀመረ ሰው አብዛኛው ቦታ ተይዞ ያገኘዋል።