ኤሊና ድመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ

በከተሞቻችን ኤሊ ያለበት ግቢ ብርቅ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ሰው ይዟት የመጣች ኤሊ ሣርና የጎመን ቅጠል እየተሰጣት ለዓመታት ትኖራለች፤ የልጆች መጫወቻም ትሆናለች። በዚያው ግቢ አይጥ እንድታጠፋ የመጣች ድመት አለች። ሁለቱ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ያየ የቤቱ ሰው «ተላምደዋል» ብሎ ይተዋቸዋል። ትልቅ ኤሊ ጭንቅላቷንና እግሮቿን ወደ ውስጥ ስትሰበስብ ድመት ብዙም የምታደርጋት ነገር ስለሌለ አባባሉ ከሞላ ጎደል ይሠራል። ትንሿ ኤሊ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ከልጅ መዳፍ የማትበልጥ ኤሊ ቅርፊቷ ገና አልጠነከረም፤ የድመት ጥርስ ሊበሳው ይችላል። እስስትና እንሽላሊት ደግሞ ጭራሽ መከላከያ የላቸውም።

የጤና ዓምድ ስለ ኤሊና ድመት ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባው፣ ለሕክምና የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ሊያላቅቅ እጁን ያስገባው ሰው በመሆኑ ነው። በአብዛኛውም ልጅ ነው። ድመት ያደነችውን ሲቀሟት ትናከሳለች፤ ጌታዋን እንኳ አትለይም።

የድመት ንክሻ ሲያዩት ትንሽ ነው። እንደ መርፌ ሁለት ቀዳዳ፣ ጥቂት ደም፣ ከዚያ ይደርቃል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ቀጭኑ ጥርስ በአፏ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ከቆዳ ሥር፣ እጅ ላይ ከሆነም እስከ ጅማትና መገጣጠሚያ ድረስ ያስገባቸዋል፤ ቆዳው ከላይ ሲገጥም እነርሱ ውስጥ ይቀራሉ። ከእነዚህ አንዱ ፓስቸሬላ የሚባለው ባክቴሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ እጅን ሊያሳብጥና ሊያቀላ ይችላል። ለተነከሰችው ኤሊ ወይም እንሽላሊትም አደጋው ያው ነው። ደም ባይታይም ጭረቷ እንኳ ከቀናት በኋላ ሊገድላት ስለሚችል «ምንም አልሆነችም» ብሎ መተው አይገባም፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። እስከዚያው ሙቀት ባለው፣ ጸጥ ባለ ካርቶን ውስጥ ትቀመጥ። የሰው መድኃኒት አይሰጣት። በየቤቱ የተለመደው የካፕሱል ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስም ለእርሷም ለልጁም አይጠቅምም።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጠጠ የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃና ሳሙና ነው፤ ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብ። 15 ደቂቃ ሲባል አጭር ይመስላል፤ ሰዓት ይዞ የሞከረ ግን ረጅም መሆኑን ያውቃል። ቁስሉን አጥብቆ ማሰር፣ ቅቤ ወይም ቡና መለጠፍ አያስፈልግም። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዝ አይታዘዝ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጥ አይሰጥ የሚወስነው ቁስሉን ያየው ባለሙያ ነው፤ ከፋርማሲ በግምት ገዝቶ መዋጥ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሊዘነጋ የማይገባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ «የውሻ» ይሁን እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች። ኤሊና እንሽላሊት አያስተላልፉትም፤ በሽታው የአጥቢ እንስሳት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ይከላከለዋል። ስለዚህ የነከሰችዋን ድመት በንዴት መግደል ስህተት ነው። ዘግቶ ምግብና ውኃ እየሰጡ ለ10 ቀን መከታተል፣ ከታመመች ወይም ከሞተች ወዲያው ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ይህ ማለት ግን ክትባቱን ለመጀመር 10 ቀን ይጠበቃል ማለት አይደለም።

ሌላው ከራሷ ከኤሊዋ የሚመጣ ነው። ኤሊዎችና ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሳይታመሙ በአንጀታቸው ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲሜትር ገደማ የሚያንስ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የተከለከለው ሕፃናት እየታመሙ በማስቸገራቸው ነው፤ ትንሽ ኤሊ ወደ አፍ ለመውሰድ ትመቻለችና። እንሽላሊት የበላች ድመትም ባክቴሪያውን ልትወስድ ትችላለች። እዚህ ላይ አንድ ግርታ ላጥራ። ይህ በየጊዜው «ታየብኝ» የምንለው ታይፎይድ አይደለም። የታይፎይዱ ሳልሞኔላ መኖሪያው ሰው ብቻ ነው፤ ከኤሊ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ሲሆን ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። አብዛኛው ጤነኛ አዋቂ በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች፣ በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ግን ወደ ደም ገብቶ ሊበረታ ይችላል። ተቅማጥ ላለበት ሕፃን ሐኪም ዘንድ ሲኬድ «ቤታችን ኤሊ አለች» ብሎ መናገር ትልቅ እገዛ ነው። ኤሊዋን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የመጠጫዋ ሳፋም ምግብ በሚሠራበትና ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አይጠብ።

መከላከሉ ውድ አይደለም። ለትንሿ ኤሊ በዶሮ ሽቦ የታጠረ፣ ከላይም በሽቦ የተከደነ ቦታ ይበጅላት። ክዳኑ ዋናው ነው፤ አጥር ብቻውን ለድመት አጥር አይደለም። በውስጡ ጥላና የምትደበቅበት ነገር ይኑር። ድመቷ እግሯን የምታስገባበት ሰፊ ቀዳዳ ካለ ደግሞ ሽቦው ጥቅም የለውም። ድመቶች በብዛት የሚያድኑት ጎህ ሲቀድና ሲመሽ በመሆኑ ከምሽት በፊት ኤሊዋን ወደሚዘጋ ሳጥን ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፤ ተሳቢ እንስሳት የራሳቸው ሙቀት ስለሌላቸው የአዲስ አበባ ብርድም ይቀልላታል። «ድመቷ ጠግባለች፣ አትነካትም» የሚለውን አትመኑ። ድመት ጠግባም ታድናለች።

ይህን ያነበበ ሰው ኤሊ ፍለጋ እንዳይወጣ ልጨምር። ኤሊ የዱር እንስሳ ናት፤ ከመስክ አንስቶ ቤት ማስገባት ከሚመለከተው የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

ድመቷ ኤሊዋን ይዛ ከተገኘች እጅ አይግባ። ውኃ ይረጭባት፣ ወይም ወፍራም ፎጣ ይጣልባት፤ ትለቃለች። ልጆችም ይህን ሥራ ለአዋቂ እንዲተዉ አስቀድሞ ይነገራቸው። ድመቷ ዓመታዊ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን መውሰዷን የሚያሳየው ካርድ ቤት ውስጥ በቀላሉ በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ ንክሻ ሲያጋጥም ሐኪሙ በቅድሚያ ከሚጠይቃችሁ ነገሮች አንዱ እርሱ ነው።