ርካሽ ስፖርት መኪና፣ ውድ ይሉኝታ

መኪናዋን ከገዛሁ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ለአባቴ አልነገርኩትም። ሰርቄ አይደለም፤ ከደመወዜ ሁለት ዓመት አጠራቅሜ በ7,200 ዶላር የገዛኋት የ2007 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ነች። ችግሩ ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። ጣሪያዋም ሸራ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ከኤርፖርት ልቀበልባት ብል፣ ወይ እሱን ወይ ሻንጣዎቹን መምረጥ ሊኖርብኝ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ተቀምጬ በየወሩ ለቤተሰብ ገንዘብ የምልክ ልጅ፣ እንዲህ ያለ መኪና ገዛሁ ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር?

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከልጅነቱ መኪና የሚወድ፣ ዛሬ ደህና ሥራ ይዞ ግን "ምን ይሉኛል" እያለ ምኞቱን ስልኩ ላይ ብቻ የሚያገላብጥ አንባቢ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ሁለት ነገር ላጫውተው። አንዱ ስለ ሂሳቡ፣ ሌላው ስለ ይሉኝታው።

ከሂሳቡ ልጀምር። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሚያታ ላይ አልነበረም። አዲስ እያለች 50,000 ዶላር ገደማ የነበረች አንዲት የጀርመን ስፖርት መኪና በ9,000 ዶላር ለሽያጭ ቀርባ አየሁ። ቀብድ ልሰጥ ስል፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋራዥ ያላቸውና ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው መካኒክ ያዙኝ። "ልጄ፣ የወረደው የመኪናዋ ዋጋ ነው፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ አልወረደም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ9,000 ዶላር የተሸጠች የ50,000 ዶላር መኪና ፍሬኗም ራዲያተሯም የሚጠገነው በ50,000 ዶላር መኪና ሂሳብ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። አሮጌ ኮድ በነጻ ትወርሳለህ፤ ዋጋውን የምትከፍለው ጥገናው ላይ ነው።

ሚያታ ሌላ ታሪክ አላት። በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ ጀምሮ ቀላል፣ ርካሽና ለመንዳት የምታስደስት እንድትሆን ታስባ የተሠራች ነች። በ2000 ጊነስ በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ብሎ መዘገባት፤ በ2016 ደግሞ የተመረተችው ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የተሸጠ መኪና መለዋወጫው አይጠፋም፤ ድክመቱም ታውቆ ያለቀ ነው። የእኔዋ ሦስተኛው ትውልድ ነች፤ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ 170 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ 1,100 ኪሎ አካባቢ። የቀደሙት ሁለት ትውልዶች ታይሚንግ ቤልታቸው በየጊዜው መቀየር ያስፈልገዋል፤ የእሷ ግን ሰንሰለት ነው።

ያም ሆኖ ሚያታ ነች ተብሎ ዓይን ተጨፍኖ አይገዛም። መጀመሪያ ያየኋት ሚያታ ቀለሟ ያብረቀርቅ ነበር። ጋሼ ሊፍት ላይ ሰቅለው ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ሲነኩት ዝገቱ እንደ ቆሎ ረገፈ። የጣሪያው ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ በቅጠል ከተደፈነ ውኃው ውስጥ ለውስጥ ይተኛል፤ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ከታች ይበላል። ያንን ለማወቅ 150 ዶላር ከፈልኩ፤ ስድስት ሺህ ዶላር አዳነኝ። ሁለተኛዋ ምርመራውን አለፈች፣ እሷን ገዛኋት። የሻንሲ ቁጥሯን በመንግሥት ድረ ገጽ አስገብቶ ያልተሠራላት ሪኮል መኖር አለመኖሩን ማየት ደግሞ በነጻ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ወጪዬ ይኸውና። አራት ጎማ 560 ዶላር፣ የፍሬን ሸራና ዲስክ 340፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ከማቀዝቀዣው ጋር 260፣ ባትሪ 120። ኢንሹራንስ 840። እዚህ ቨርጂኒያ እንደ አገራችን ቦሎ በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራና ካውንቲው የሚያስከፍለው የንብረት ግብር 310። ቤንዚን ሳይቆጠር 2,430 ዶላር ሆነ፤ የመኪናዋ ዋጋ ሲሶ ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ የዋጋዋን ሲሶ የሚያህል ገንዘብ ለብቻው ሳታስቀምጡ ቁልፍ አትቀበሉ። ሥራ የምትሄዱባትም እሷ ብቻ አትሁን። እኔ ሥራ የምሄደው በሜትሮ ስለሆነ፣ ጋራዥ ስትውል ራስ ምታት አልሆነችብኝም።

አሁን ወደ ይሉኝታው። አገር ቤት መኪና ንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። እንዲህ ባለ ገበያ ሰው ኮሮላውን ለዓመታት ነድቶ ከገዛበት ዋጋ በላይ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ ወላጆቻችን "ለምን የማይረባ መኪና ገዛህ?" ሲሉ የእነሱ ሂሳብ ልክ ነው። እዚህ ግን አብዛኛው መኪና ከቀን ወደ ቀን የሚቀልጥ ገንዘብ ነው። ሚያታ ኢንቨስትመንት አይደለችም፤ ለደስታ የወጣ ገንዘብ ነች። ይህን በግልጽ ማመን ያስፈልጋል፣ ለራስም ለቤተሰብም።

እኔ ግን አላመንኩም፤ ደበቅኩ። ጎማዎቹን በቀየርኩበት ሳምንት ታናሽ እህቴ ለኮርስ ክፍያ ገንዘብ ጠየቀችኝ። "አሁን እጄ ላይ የለም" አልኳት። የወሩን ልኬያለሁ፣ ያ እውነት ነው። "የለም" ማለቴ ግን ውሸት ነበር። ነበረኝ፤ ጎማ ላይ አውዬው ነው። "እሺ፣ ችግር የለም፣ ራስህን ጠብቅ" ብላ ስልኩን ስትዘጋ እንቅልፍ አጣሁ። ያስጨነቀኝ 560 ዶላሩ አልነበረም፤ ደሃ መስዬ መታየቴ ነው።

በማግስቱ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው።

"ሁለት ወንበር?" አለኝ። "ታዲያ ምን ትሠራልሃለች?"

"ደስ ትለኛለች፣ አባዬ።"

ትንሽ ዝም አለ። "ማርሿስ በእጅ ነው?"

"አዎ፣ ስድስት ማርሽ።"

"የሚገፋት የቱ ጎማ ነው?"

"የኋላው።"

"እንደ ላዳዬ!" ብሎ ሳቀ። እውነትም ላዳና ሚያታ አሠራራቸው አንድ ነው፤ ሞተር ከፊት፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጌ አንድ ዙር ነዳሁለት። "ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቃለህ፣ ታቃጥለዋለህ" አለኝ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "መግዛትህን አልጠላሁም። የእህትህን አስቀድም፣ ሁለተኛም አትደብቅ።"

የእህቴን ክፍያ በሚቀጥለው ወር ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ለመኪናዋ የተለየ አካውንት አለኝ። የቤተሰብ ድርሻ ቀድሞ ይወጣል፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ይቀመጣል፣ ከተረፈው ደግሞ እሷ ትበላለች። ካልተረፈ ቆማ ትጠብቃለች።

ማዝዳዎች መኪናዋን ሲሠሩ መመሪያቸው ያደረጉት "ጂንባ ኢታይ" የሚል አባባል አላቸው፤ ፈረስና ጋላቢ አንድ ሲሆኑ ማለት ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረሳቸው ስም ለሚጠራ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጋልቡትን መውደድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ነውሩ ከአቅም በላይ መጋለብና የተጋለበውን መደበቅ ነው።

ሂሳባችሁ ከሞላ ግዙ፤ ካልሞላ ቆዩ፣ ሚያታ ሞልቷል። ከገዛችሁ ግን ቤት ደውላችሁ ተናገሩ። አባቴ አሁን በየእሁዱ ሲደውል ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ "ዘይቷን አየህ?" ብሎ ነው።