«የሬይኪ ማስተር» ማለት ምን ማለት ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ተከትሎን መጥቶ አንድ ጥያቄ አቀረበልን። በውጭ አገር የምትኖር አክስቱ አጭር ሥልጠና ወስዳ «የሬይኪ ማስተር» የሚል የምስክር ወረቀት መቀበሏን በስልክ ነግራቸዋለች። እናቱም ይህን ሰምተው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ስለማቆም ማሰብ ጀምረዋል። «ለመሆኑ አክስቴ የምን ሊቅ ሆነች?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው በችኮላ የሚመለስ ሆኖ ስላላገኘነው በዚህ ጽሑፍ ልናየው ወደድን።

ሬይኪ እጅን በሰው አካል ላይ ወይም በአቅራቢያው በማኖር «ኪ» የተባለ የሕይወት ጉልበት ይተላለፋል በሚል እምነት ላይ የተመሠረተ ልማድ ነው። ጀማሪው ጃፓናዊው ሚካኦ ኡሱይ (1865–1926 እ.ኤ.አ.) ሲሆኑ፣ ማስተማር የጀመሩት በ1922 ነው። ከእርሳቸው የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ቹጂሮ ሃያሺ፣ ከሃያሺ ደግሞ የሃዋይ ተወላጇ ሃዋዮ ታካታ ተማሩት። ልማዱን ወደ ምዕራቡ ዓለም ያስገቡት ታካታ በ1980 ከማረፋቸው በፊት 22 ማስተሮችን አሠልጥነዋል። ለዚህ ደረጃ ያስከፍሉ የነበረውም 10,000 ዶላር ነበር።

ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ይከፈላል። በመጀመሪያው ተማሪው እጁን በራሱና በሌሎች ላይ ማሳረፍን ይማራል። በሁለተኛው ምልክቶችንና «ከሩቅ መላክ» የሚባለውን ይቀበላል። በሦስተኛው ደግሞ ሌሎችን ለማስተማርና ወደ ልማዱ በሥርዓት ለማስገባት ይፈቀድለታል። ማስተር የሚባለው ይህን የመጨረሻ ደረጃ ያለፈ ሰው ነው። በመሆኑም ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሊቅ» ከሚለው ይልቅ «መምህር» ለሚለው ይቀርባል። የሥልጠናው ርዝመት ከጥቂት ቀናት እስከ ዓመታት ይለያያል፤ ለዓለም ሁሉ አንድ መመዘኛ የሚያወጣ አካልም የለም። ከባለሙያዎቹ መካከል እውነተኛው ማስተርነት ቁጣንና ጭንቀትን አሸንፎ በምስጋና መኖር እንጂ ወረቀት አይደለም የሚሉም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንበል። በቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ ሙያውን ማወቁ የሚረጋገጠው መምህሩ ስለመሰከረለት ብቻ አይደለም። የለካውን ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ ለክቶ ተመሳሳይ ውጤት ሲያገኝ ነው። በፊዚክስ ጉልበት በጁል የሚለካ ነገር ነው። ያረፈ ሰው አካል ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ በመቶ ሺዎች ጊዜና ከዚያም በላይ የሚያንሰውን የልብ መግነጢሳዊ መስክ እንኳ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። «ኪ»ን ግን እስካሁን የለካ መሣሪያ የለም።

ጉልበቱ ባይለካም ውጤቱ ሊፈተን ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ በሲያትል አካባቢ የሚኖሩ 100 የፋይብሮማያልጂያ (ሥር የሰደደ የጡንቻ ሕመም) ታማሚዎችን በዕጣ በአራት ቡድን ከፈለ። ከፊሎቹን የሬይኪ ማስተር፣ ከፊሎቹን እንደ ማስተር የሚሠራ ተዋናይ፣ በመንካት ወይም ሳይነኩ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ8 ሳምንታት አስተናገዷቸው። በውጤቱም ሬይኪም ሆነ መንካት የሕመሙን ምልክቶች አላሻሻለም፤ ማስተሩ ከተዋናዩ አልተሻለም። ጥናቱ ስለ አንድ በሽታ ብቻ የሚናገር ቢሆንም፣ ማስተርነት እንዴት እንደሚፈተን ግን በሚገባ ያሳያል።

ይህን ስንል ጸጥ ባለ ክፍል ማረፍ፣ የሚያዳምጥና በእርጋታ የሚዳስስ ሰው ማግኘት ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ዕረፍት ዕረፍት ነው፤ ሰውን ያረጋጋል። ይሁን እንጂ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ከፍ ብሎ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ በሽታ ነው። በመሆኑም «ደኅና ነኝ» የሚለው ስሜት የግፊት መለኪያውን ሊተካ አይችልም።

ለተማሪያችን የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። አክስትህ የአንድ ልማድ መምህርት ሆናለች፤ በፍቅር እጇን ብታሳርፍባቸው ክፉ አይደለም። እናትህ ግን ሐኪማቸው ሳያዝዝ መድኃኒቱን እንዳያቆሙ፤ ግፊታቸውንም በየጊዜው አስለካላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሮቹን በደብተሩ ጽፎ ይዞልን መጣ።